ሦስተኛው ስም

ባለፈው ማክሰኞ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት መጣ። በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የመለኪያ ሜትር ይዟል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ጫማውን ለማውለቅ ሲታገል «ተወው ልጄ፣ ቤቱ የሰው እግር ናፍቆታል» አልሁት። ባለቤቴ ማሩ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። የሚመጣ ሰው ቀንሷል፤ የሚመጣውም ሕፃን የተኛበት ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ልጁ የመጣው ስለ ድንጋዩ ነበር። መንገዱ ስለሚሰፋ በመንገዶቹ መገናኛ ላይ ያለው ሐውልት ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ነው። በአዲሱ ቦታ አጠገቡ ሰሌዳ ይቆማል፤ በሰሌዳው ላይ በአራቱም ጎኖቹ ምን እንደተጻፈ ይገለጻል። የሦስቱን ጎን ጉዳይ ጨርሷል። የቸገረው አራተኛው ነው።

«ሁለት ስም ይነበባል» አለኝ። «ከሁለቱ በታች ግን ድንጋዩ ተቦርቡሯል። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ‹እሱን የሚያውቅ ማሩ ነበር፤ አሁን ሚስቱን ጠይቅ› አሉኝ። ምን ነበር የተጻፈበት፣ እትዬ የሺ?»

«ስም ነበረ።»

«የማን?»

ቀቅዬ ያስቀመጥሁትን ድንች በተልባ አቀረብሁለትና አንድ ሳምንት እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ለማስታወስ ጊዜ የፈለግሁ መስሎት ደስ አለው። እኔ ግን የረሳሁት ነገር የለም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ደግሞም ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ከየት እንደሚጀመር ማሰብ ነበረብኝ።

ዛሬ ከተማችንን እንጅባራ ብለው የሚጠሩት ልጆች ሐውልቱን ልብ አይሉትም። «ሐውልቱ ጋ አውርደኝ» ይላሉ ለባጃጁ፤ ይወርዱና ጀርባቸውን ሰጥተውት ይሄዳሉ። ከተማው ቆሰበር ብቻ ሲባል፣ ቤቱ በጣት የሚቆጠር ሳለ፣ እሱ ነበር ትልቁ ነገራችን። የተተከለው ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ባለፉ ጊዜ ነው። መኪናቸው ሳይቆም እንዳለፈ የሚናገሩ አሉ፤ ድንጋዩ ግን እንደቆሙ ይናገራል። በመንገዱ በኩል ያለው ጎን ዘውድ ተቀርጾበታል። ንጉሡ ሲወርዱ ዘውዱ በቀይ ቀለም ተሸፈነ፤ በሌሎቹ ሁለት ጎኖች ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡት የየራሳቸውን ጻፉ። እያንዳንዱ መንግሥት ቀለሙን ቀብቶ ሄዷል፤ የእኛ አገር ዝናብም ሁሉንም በየተራ አጥቦታል። ገዢ የማይነካካው አራተኛው ጎን ብቻ ነበር፤ እሱ የመራጩ ጎን ነውና።

ንጉሥ አይመረጥም፤ ይህ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን የሚመረጠው አዲስ አበባ ሄዶ በምክር ቤት የሚቀመጥ እንደራሴ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር ሲመጣ ገበሬው የግብር ምዝገባ መስሎት ጫካ ገባ አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አልሸሸም፤ ነገር ግን በሩ ላይ ደርሶ «ማንን ምረጡ ተብለን ነው የታዘዝነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የቆሰበር ሰው በየጊዜው የተመረጠውን እንደራሴ ስም በአራተኛው ጎን ላይ ለማስቀረጽ ተስማማ። ሁለቱን ስሞች የቀረጹት የማሩ አባት ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሦስተኛው ምርጫ ሲደርስ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና መሮውና መዶሻው ለልጃቸው ተላለፈ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በሰኔ ወር ነው። እኔ የጥርባ መንደር ገበሬ ልጅ ነኝ። ዳንግላ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ የተመለስሁት በዚያው ዓመት ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ደብዳቤ እየጠበቅሁ እናቴን አግዛለሁ። ማሩ ሽማግሌ ልኮ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። እናቴ ደብዳቤውም ሙሽራውም አንድ ቀን እንዳይመጡ ትሰጋ ነበር። የምርጫ ጣቢያው ጸሐፊ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ሲተኛ፣ አማርኛ የሚጽፍና አገውኛ የሚሰማ ሰው ተፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ። ለመምረጥ ዕድሜዬ አልደረሰም፤ የሌላውን ምርጫ ለመጻፍ ግን ደርሷል ተባለ።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቀኛዝማች ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ማሩ ሲቀበርም ከሬሳው አልራቁም። ቀኛዝማች ሰፊ መሬት የነበራቸው፣ ፈረስ የሚያውቁ፣ በፈረሰኞች በዓል ከፊት የሚጋልቡ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ድሬሰር አየነው ናቸው። የዚሁ አገር ልጅ፣ በክሊኒኩ መርፌ የሚወጉ፣ ክረምት ከበጋ ገሳ ለብሰው በእግራቸው በየመንደሩ የሚዞሩ ሰው። ፈረስ ቀርቶ አህያ አልነበራቸውም።

ማንበብ ለማይችል መራጭ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ምልክቱ በዕጣ ነው የሚወጣው። ለድሬሰሩ ፈረስ ወጣላቸው። ለቀኛዝማች ፋኖስ። ያን ሰሞን ቆሰበር ውስጥ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። «ድሬሰሩ በመጨረሻ ፈረስ ገዙ» ይባል ነበር። ቀኛዝማች ይለወጥልኝ ብለው አመለከቱ፤ ዕጣ ነው ተባለ። ሎሌዎቻቸው በየገበያው እየዞሩ «ፋኖስ፣ ፋኖስ፣ እንዳትሳሳቱ» ይሉ ጀመር። ሆኖም ማንም ሰው ቀኛዝማች ይሸነፋሉ ብሎ አላሰበም። ዋዜማው ላይ በሬ ታረደ፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ከዚያም በፊት በነበረው ሳምንት አንድ የቀኛዝማች ሰው ወደ ማሩ ሄዶ «ዝናቡ ሳይጠና ስማቸውን ጨርስ» አለው። የሰኔ ዝናብ ከጠና በመሰላል ላይ ቆሞ ድንጋይ መቅረጽ አይቻልም። ማሩ ወጣት ነበር፣ የአባቱን መሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ። ቀረጸው። ማንም ክፉ ነገር አላየበትም፤ እኔም ሄጄ አይቼ ፊደሉ ከአባትህ ይበልጣል ብዬዋለሁ።

የምርጫው ዕለት ከዘንገና ሐይቅ በኩል የተነሣ ጉም ከተማውን ውጦት ዋለ። ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ በጭቃ የተለሰነ። ሁለቱ ሳጥኖች ከአንድ የቀርከሃ ምንጣፍ መጋረጃ በስተጀርባ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ላይ ፈረስ፣ አንዱ ላይ ፋኖስ ተለጥፏል። መራጩ ከእኔ ካርድ ይቀበላል፣ ብቻውን ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፣ ከሁለቱ በአንዱ ይጥልና በሌላው በር ይወጣል። አንዲት ሴት ፋኖሱን አይታ ስትወጣ ጋዝ ጨምረው ነው ወይ የሚሰጡን ብላ በአገውኛ ጠየቀችኝ።

ረፋዱ ላይ ፈረሰኞቹ ቀኛዝማችን አጅበው ደረሱ። ኮርቻቸውን አስጊጠዋል፣ ልጓሙ ላይ ያለው ቀይ ጥለት በዝናብ ርሶ ይንጠባጠባል። ይዘፍናሉ። ወረዱ፣ የቀኛዝማችን እጅ ሳሙ፣ ተራ በተራ ገቡ። የእናቴ አጎት አያ ቢሻው ከፊት ነበሩ። ካርዱን ስሰጣቸው እንደማያውቁኝ ሆነው አለፉ፤ ሕጉ እንዲያ ነው ብለው ይሆናል አልሁ።

ቆጠራው የተጀመረው የመምረጫው ሰዓት ሲያበቃ ነው። ሳጥኖቹ በጠረጴዛ ላይ ተገለበጡ። የጣቢያው ሊቀ መንበር ካርዱን እያነሣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሰው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይሰማል። የፈረሱ ክምር ከፍ አለ። ከዚያ ይበልጥ ከፍ አለ። መጀመሪያ ላይ በመስኮቱ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሲያልቅ ፈረሱ በልጦ ነበር። ከበላይ የመጣው የምርጫ ኃላፊ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ።

ከሌሎቹ ጣቢያዎች የመጣው ውጤት ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ነበር ያደረሳቸው። ማን አዲስ አበባ እንደሚሄድ የሚወስነው የእኛ ወረቀት ነው።

ቀኛዝማች ተጠሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ኃላፊው ከፈረሰኞቹ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስገብቶ፣ ፋኖስ ተብሎ እየተነገራቸው ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጠየቃቸው። አያ ቢሻው ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወለሉን እያዩ መለሱ።

«ጌታው፣ ፈረስ ስናይ ቀኛዝማች መስለውን ነው። እኛ እሳቸውን ከፈረስ ጋር እንጂ ከፋኖስ ጋር አይተናቸው አናውቅም።»

የቀኛዝማች ፊት ሲፈታ አየሁት። ይህ ቁጣ የማያመጣ፣ እንዲያውም ደስ የሚያሰኝ ስህተት ነበር። ኃላፊውም እጁን አሻሸ። እንግዲያው የሕዝቡ ሐሳብ ግልጽ ነው አለ፤ በፈረሱ የተጻፈው በፋኖሱ፣ በፋኖሱ የተጻፈው በፈረሱ ይዛወርና እንፈራረም። አዲስ ወረቀት ከነካርቦኑ አውጥቶ በፊቴ አኖረው።

ከጧት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስሁ ተናግሬ ወጣሁ። ፈረሰኞቹ ከትልቁ የኮሶ ዛፍ ሥር ተጠልለው ዝናቡን ይጠብቃሉ። አያ ቢሻው የፈረሳቸውን ኮቴ አንሥተው ጭቃውን በእንጨት ይጠርጋሉ። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። እውነት ተሳስታችሁ ነው ወይ አልኋቸው በአገውኛ። ቀና ሳይሉ፣ ኮቴውንም ሳይለቁ ጭቃውን መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

«የሺዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፈረስና ፋኖስ የማይለይ አገው አጋጥሞሽ ያውቃል?»

ከዚያ ኮቴውን ለቀው ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት ቀኛዝማች የወል መስኩን አጥረውት ነበር። ፈረሶቻችን የት ይጋጡ ቢሏቸው ሌላ ፈልጉ አሏቸው። ድሬሰሩ ግን ተስቦ የገባ ጊዜ ከመንደራችን ሳይወጡ ሦስት ሳምንት ሰነበቱ። «በሬውን አረደልን፣ በላን። አጀብነው። እጁንም ሳምን» አሉ። «ከመጋረጃው ጀርባ ግን አብሮን የገባ የለም። ተሳስተን ነው ማለቱን የዶለትነው ከዋዜማው ነው፤ እንዳይቆጣ።»

እኔም ያ መዶለቻቸው አሁን ምን እንዳመጣ ነገርኋቸው። ቃላችሁን እንደ ስህተት ወስደው ሊገለብጡት ነው፤ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል አልሁ። የያዙትን እንጨት ጣሉት። 

«ይህን አላሰብነውም» አሉ። «እኛ ያሰብነው ከቁጣው ማምለጫውን ብቻ ነው።» ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፤ «ወጥተን አንመሰክር፤ መሬታችን በእጁ ነው። እንግዲህ ብዕሩ አንቺ ዘንድ ነው፣ ልጄ።»

ስመለስ ላለመፈረም ቆርጬ ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማንጻት አይደለም፤ በእርግጥ ቆርጬ ነበር። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ሲቆጠር አገር ሰምቷል፣ የጻፍሁት እሱን ነው፣ ሌላ አልጽፍም አልሁ። ሊቀ መንበሩ አዲሱ ወረቀት ላይ ፈርሞ ጨርሷል። ኃላፊው አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ድንጋዩ ጠየቀኝ። ሲመጣ በመገናኛው በኩል አልፏል፤ የቀኛዝማች ስም ተቀርጾ አይቷል።

«ወረቀትና ድንጋይ የተለያየ ነገር ሊናገሩ አይችሉም» አለ። «ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል፤ የዋሸው ደግሞ ይጠየቃል። ወረቀቱ እንዳንቺ ከሆነ፣ በመንግሥት ሐውልት ላይ ያልተመረጠ ሰው ስም የጻፈው ማነው?»

ኃላፊው ብዕሩን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ለጥር ነው አሉ ሠርጉ» አለ።

የማሩን እጆች አሰብሁ። የአባቱን ዓይኖች አሰብሁ፤ ቤታቸው ውስጥ የሚያይ ሰው ማሩ ብቻ ነበር። ብዕሩን አነሣሁ። የዳንግላው መምህሬ «ፊርማ የሰው ፊት ነው» ይለን ነበርና ፊርማዬን ደብተር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ፤ የ«የ» እግር ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ስሜን ከሥር ያሰምርበታል። አሳምሬ ፈረምሁት። ካርቦኑ ሦስት አደረገው።

ከዚያ ወደ መገናኛው ሮጥሁ። ማሩን ነፃ ነህ ልለው ነው የምሮጠው። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ጫማዬን ሲይዘው ተውሁትና በባዶ እግሬ ሄድሁ። በመገናኛው ጥግ ካለው ዘይት ቤት ማዶ ስደርስ የመሮውን ድምፅ ሰማሁ። የመጨረሻውን ፊደል እያሳመረ መሰለኝ።

ከመሰላሉ ላይ ሆኖ የሚመታው ግን በስሙ ላይ ነበር። የቀኛዝማች ስም ግማሹ የለም። የሱቁ ሰዎች በየደጁ ቆመው ያያሉ። ፍንጣሪ ገብቶበት የግራ ዓይኑ ደም ለብሷል። ሲያየኝ መዶሻውን አሳረፈ።

«ቆጠራውን ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁት» አለ። «ድንጋዩ እንዲህ ይላልና አስተካክይ እንደሚሉሽ ገባኝ። አሁን ድንጋዩ ምንም አይልም። የቆጠርሽውን ጻፊና ፈርሚ።»

ቆምሁ።

«ፈርመሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ» አልሁ።

«ጎበዝ» አለኝና ወደ ድንጋዩ ዞረ።

ፖሊሶች ከመሰላሉ ያወረዱት ትንሽ ቆይተው ነው። ሐውልት አበላሽተሃል ብለው ሃያ ቀን አሰሩት፤ ጧት ጧት እያወጡ ለመንገድ ጠጠር ያስፈልጡት ነበር። ድሬሰር አየነው በየሁለት ቀኑ እየሄዱ ዓይኑን ያጥቡለታል፤ ሳህኑን የምይዝ እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ጥጡን እየነከሩ፣ ወደኔ ሳያዩ፣ «የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ። ብዙ ነው የተበለጥሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ቆጠራውን ያልሰሙት የዚያን ዕለት የታመመ ሰው ሊያዩ ወደ ጥሊሊ ሄደው ስለነበር ነው። ሰዉም ለሳቸው ለመንገር አፍሮ ይሁን ፈርቶ ዝም ብሏል። «ትንሽ ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትንሽ ከሆነስ ደህና ነው» አሉ። በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

ቀኛዝማች አዲስ አበባ ሄዱ፤ ለበዓል ሲመለሱ በፈረሳቸው ከሐውልቱ ፊት ቆመው ጎድጓዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት አሉ። ስሙ በድጋሚ ይቀረጽ ቢባል የሚሆን አልነበረም፤ ማሩ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ ነበር የቦረቦረው። «ሲጽፍም ሲፍቅም እጁ ጥሩ ነው» ብለው አለፉ ይባላል። መስኩንም በሁለተኛው ዓመት ከፈቱት። ለምን እንደከፈቱት የነገሩት ሰው የለም።

እኛ በጥር ተጋባን። የማሠልጠኛው ደብዳቤ አልመጣም፤ ኋላ በሌላ መንገድ አስተማሪ ሆንሁ። ማሩ ድንጋይ ሲጠርብ፣ እኔ ፊደል ስቆጥር ኖርን። የግራ ዓይኑ ብርድ ሲነካው ያለቅስ ነበር። በነጠላው ጫፍ ባበሰው ቁጥር እኔ ፊቴን አዞር ነበር።

አልነገርሁትም። መጀመሪያ እስር ቤት ስለነበር፣ በኋላ ሙሽራ ስለነበርን፣ በኋላ ልጅ ስለተወለደ፣ በኋላ ጊዜው ስላለፈ። ከሁሉ በላይ ግን «ጎበዝ» ስላለኝ ነው። እሱ ለዚያች ቃል ብሎ ታስሯል፤ ቃሏን ብነጥቀው ሃያውን ቀን የምመልስለት አልመሰለኝም። አንድ ጊዜ ከጥሊሊ ገበያ ስንመለስ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዳገቱ ላይ ነን፣ የተሸከምነው ድንች ከብዶናል። «የዚያን ጊዜ ወረቀት…» አልሁ። «አሁን ስለ ወረቀት ማን ያስባል፤ ዝናቡ ሳይደርስብን ቶሎ ቶሎ እንበል» አለኝ። ደመናው በእርግጥ መጥቶ ነበር። እኔም ያን ያህል አልገፋሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርጫ መጥቶ ሄዷል። ሁለታችንም ወረፋ ሳንቀር ቆመናል፤ አንዳንዴ ከንጋት እስከ ቀትር። ማሩ በሩ ላይ ስንደርስ ወጣቶቹን ታዛቢዎች «የሺ እያለች ቆጠራ አይዛነፍም» ብሎ ያስቃቸው ነበር። በየምርጫው እንዲህ አለ። በየምርጫው አብሬ ሳቅሁ።

በስተርጅናው ወደ ሐውልቱ አዘውትሮ መሄድ ጀምሮ ነበር። ጎድጓዳው ከሥሩ ከንፈር አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይይዛል፤ ወፎች ይመጡበታል። ማሩ ከዘይት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ካስቀረጹት ሁሉ ደስ ያለው በዚህ መሰለኝ። ያውቅ ነበር ይሆን? ቀኛዝማች አዲስ አበባ እንደሄዱ ያውቃል፤ አገር ያውቃል። እሱ ግን ኃላፊው ከእኔ ፊርማ በኋላ ወረቀቱን ለውጦ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ለሰውም እንዲያ ብሎ ሲናገር ሰምቻለሁ። ወይስ እኔ እንድሰማው ነበር እንዲያ የሚናገረው? ይህን የምጠይቀው ሰው ከእንግዲህ የለኝም። ሐዘን እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ቀድሜ አላውቅም ነበር። ሰውዬው ሲሄድ መልሱንም ይዞት ይሄዳል።

ትናንት ልጁ ሳምንቱን ቆጥሮ ተመልሶ መጣ። ይህን የጻፍሁትን አላሳየሁትም፤ ረጅም ነው፣ ሰሌዳው ደግሞ አጭር ነው። ለሰሌዳው የሚሆነውን በቃሌ ነገርሁት፣ እሱ በስልኩ ላይ ጻፈ። ሦስተኛው ስም በቆጠራው ያላሸነፈ ሰው ስም ነበር። የቀረጸውም የፋቀውም ማሩ ነው። ያላሸነፈውን አሸንፏል ብላ በወረቀት ላይ የፈረመችው የጣቢያው ጸሐፊ የሺ፣ የማሩ ሚስት ናት።

ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ማሩ ፎቶግራፍ አዞረ።

«እትዬ፣ የመጨረሻው መስመር ይቅር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም አልጠየቀዎትም እኮ።»

«እሱን ከላይ አድርገው» አልሁት።

ሐውልቱ የሚነሣው ከክረምቱ በፊት ነው ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜዋለሁ፤ በአዲሱ ቦታ ሲተክሉት አራተኛው ጎን ዝናብ ወደሚመጣበት እንዲዞር፣ ጎድጓዳውንም በሲሚንቶ እንዳይደፍኑት። ወፎቹ ቦታውን ለማግኘት ጥቂት ቀን ይፈጅባቸው ይሆናል። እኔ ደግሞ የእግሬ ነገር ካላስቸገረኝ፣ ሰሌዳው በቆመ ዕለት ሄጄ ማሩ ይሰማኝ ይመስል ጮክ ብዬ አነብበዋለሁ።